ጭራቅ ሠሪዎቹን አትርሷቸው

ለአዘጋጁ፦

ስለ ፊልም ሽልማቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ግን ኦስካር ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። አስፈሪ፣ የሳይንስ ልቦለድና የምናብ ፊልሞችን የሚሸልመው የአሜሪካው የሳተርን ሽልማት የት ገባ? ከሽልማቱ ጀርባ ያለው አካዳሚ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው።

በ1978 ሥነ ሥርዓቱ በቴሌቪዥን ሲቀርብ የ«ስታር ትሬክ» ተዋናዩ ዊልያም ሻትነር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሲጋራውን እያጨሰ ዘፈን አነበበ። አዎ፣ አልዘፈነውም፤ አነበበው! ከዚያ በካሜራ ዘዴ ሁለት ሦስት ሻትነር ሆኖ ብቅ ይላል። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ቁምነገሩ ግን ሌላ ነው። ኦስካር ለሜካፕ ቋሚ ዘርፍ የከፈተው ለ1981 ፊልሞች ነው። የመጀመሪያውን የወሰደው የሜካፕ ባለሙያው ሪክ ቤከር በፊልም ላይ ሰውን ወደ ተኩላ ለውጦ ነው። የሰውዬው መዳፍ ሲለጠጥ፣ ፊቱ ወደፊት ሲገፋ ታያላችሁ፤ ሁሉም በጎማና በእጅ ሥራ፣ ያለ ኮምፒውተር። ሳተርን ግን ቤከርን ከዚያም በፊት ሸልሞታል።

በሚቀጥለው ጊዜ ለእነዚህ ጭራቅ ሠሪዎች ግማሽ ገጽ እንኳ ብትሰጧቸው ምን አለበት?

የዘወትር አንባቢያችሁ