ጉዳዩ፦ ያላዘዝነው የ5 አውንስ የብር ሳንቲም ስለተላከልን የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

በአማርኛ ካወጣችሁት የሽያጭ ዝርዝር ላይ መርጠን ያዘዝነው በ2020 የወጣውን፣ ቶልግራስ ፕሬሪ ለተባለው የአሜሪካ ሣር ሜዳ መታሰቢያ የሆነውን የ5 አውንስ የብር ሳንቲም፣ የተመታበትን ፊላዴልፊያን የሚያመለክት «ፒ» የሚል ፊደል ያለበትን የሰብሳቢዎች እትም ነው። የደረሰን ግን ፊደሉ የሌለበት፣ ለብሩ ዋጋ ሲባል የሚገዛው ዓይነት ነው። ያውም ያለ ካፕሱል (ሳንቲሙ የሚቀመጥበት ጠንካራ ግልጽ መያዣ)፣ በለስላሳ ፕላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ።

ብሩን አልተጠራጠርንም። ክብደቱ 155.5 ግራም፣ ስፋቱ 76.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጠርዙም ላይ 0.999 ንጹሕ ብር መሆኑ ተቀርጿል። ስለዚህ በስልክ «ሳንቲሙ ትክክለኛ ነው» ማለታችሁ ላልጠየቅነው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ሁለቱም እትሞች የሚመቱት ፊላዴልፊያ ነው፤ በብርም በክብደትም አይለያዩም። የሚለያቸው ፊደሉና የፊታቸው አሠራር ነው። ፊደሉ የሚፈለገው በፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ምስል በኩል፣ ከታሰረው ፀጉሩ በስተኋላ ነው፤ በላካችሁልን ላይ ቦታው ባዶ ነው። ሳንቲሙን በአንድ አምፖል ሥር አዘንብላችሁ ብታዩትም ይታወቃል። የሰብሳቢዎቹ እትም ብርሃኑን በትኖ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፤ ይኼኛው ግን ያብለጨልጫል። ሆኖም የምስክር ወረቀቱና ሣጥኑ የሰብሳቢዎቹ እትም ናቸው። ከሁለት ቦታ የመጣ ዕቃ እንደ አንድ ተደርጎ ተሽጦልናል ማለት ነው።

ከረጢቱ ሌላ ጉዳት አድርሷል። እንዲህ ያለ ከረጢት የሚሠራበት ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ ብር ላይ ሲያርፍ፣ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ኬሚካል እየወጣ ይለጠፍበታል፣ አሲድም ይለቃል። መዳብ ባለበት ሳንቲም ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በንጹሕ ብር ላይ የሚያጣብቅ ጭጋግ ሆኖ ይጀምራል። አሁን ጭጋጉ ሳንቲሙ ላይ በተቀረጸችው ቢራቢሮ ክንፍ ሥሮችና በሣሩ ቅጠሎች መሀል ገብቷል። ሠራተኛችሁ «በጥርስ ሳሙና አሹት» ማለቱ በጣም አሳዝኖናል። የጥርስ ሳሙና ብሩን ይቧጭራል፤ ጭረቱም አይመለስም። ትክክለኛው መንገድ ንጹሕ አሴቶን ነው እንጂ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይደለም። ከእሳት ርቆ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ ሳይታሽ በሌላ ንጹሕ አሴቶን ይታጠባል፤ ከዚያ በራሱ ይደርቃል። አሲዱ ብሩን በልቶት ከሆነ ግን ይህም አያድነውም። በምንመልሰው ዕቃ ላይ እንዳትከራከሩን እኛ አልነካነውም።

ዝርዝራችሁም ይታረም። ቦታውን «ብሔራዊ ፓርክ»፣ ቢራቢሮዋን «ሞናርክ» ብላችኋል። ቦታው ካንሳስ ፍሊንት ሂልስ ውስጥ በ1996 የተቋቋመ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ቢራቢሮዋም ሪጋል ፍሪቲላሪ ናት። ይህ ጥቃቅን ስሕተት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ ከነበረው ረጅም ሣር ሜዳ ዛሬ የቀረው ከ4 በመቶ በታች ነው። ፍሊንት ሂልስ ውስጥ ያለው የተረፈው ከአፈሩ ሥር ቅርብ ያለው ድንጋይ ማረሻ ስላላስገባ ነው። የዚች ቢራቢሮ አባጨጓሬ የሚበላው የቫዮሌት ቅጠል ነው፤ ሜዳው ሲታረስ ቫዮሌቱም እሷም ይጠፋሉ። ሳንቲሙ ላይ ከመሬት ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው እንደምትታይ ሆና ከሣሩ ጋር የተቀረጸችው እሷ ናት። ሞናርክ ካላችኋት ሳንቲሙ ለምን እንደተቀረጸ ለገዢው አልነገራችሁም።

የምንጠይቀው «ፒ» ያለበት ሳንቲም ከካፕሱሉና ከራሱ ምስክር ወረቀት ጋር እንዲላክልን፣ ከሌላችሁም የማጓጓዣው ጭምር ሙሉ ገንዘባችን እንዲመለስልን ነው። የመመለሻው ወጪና የመድን ክፍያው በእናንተ ይሁን። ከመላካችሁ በፊት የዋሽንግተኑን ፊት በቅርብ አንሥታችሁ ፎቶውን ላኩልን፤ ፊደሉን ካላየን አንረከብም። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር
ገዢዎቹ