ሳጥኑን በሁለት ባልዲ ልንለውጠው ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከጅማ ነው።

ለአዲስ ዓመት ቤት ስናጸዳ ጋራዡ ላይ ደረስን። ጋራዥ እንበለው እንጂ መኪናው ከተሸጠ ቆይቷል፣ አሁን የተረሳ ዕቃ ማደሪያ ነው። ከጥግ የአባቴ የመሣሪያ ሳጥን ወጣ። መላጊያ፣ መሮ፣ ጉጠት፣ መጋዝ፣ ዛቢያው የወለቀ መጥረቢያ፣ ሁሉም ዝጎ የተቆላ ቡና መስሏል። በዚያው ሰዓት ደጅ «ልዋጭ!» ሲባል ባለቤቴ ጠራችው። ልጁ ሳጥኑን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገና ሁለት የፕላስቲክ ባልዲ እሰጣለሁ አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስማምቼ ነበር።

ያስጣሉን ጎረቤታችን፣ ሽማግሌ አናጺ ናቸው። የመላጊያውን ምላጭ በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉና «ይሄኮ ላዩን ነው፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ብረት አሁን ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። ባልዲው ቀረ።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፣ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶበት የከረመ ብረት ባይዝግ ነው የሚገርመው። ስለዚህ ቡናማ ስለሆነ ብቻ አትጣሉት። በምስማር ጫር አድርጉት፤ ከሥሩ ብልጭ ካለ ይድናል። እንደ ቅርፊት የሚላጥና የተበሳሳ ከሆነ ግን ልዋጩ ይውሰደው።

እኔ ያደረግሁት ይኸው ነው። እንጨቱን ፈታሁ፣ ብረት ብረቱን አቼቶ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩ። ከአንድ ሌሊት በላይ ማቆየት ጥሩ አይደለም፣ አቼቶው ዝገቱን ሲጨርስ ብረቱን ይጀምራል። ጠዋት በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁት፣ በሳሙና አጥቤ የቡናው ፍም ዳር አደረቅሁትና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀባሁት። የምግብ ዘይት አትቀቡ፣ እያደር ይጣበቃል። አቼቶን ከበረኪና ጋር ደግሞ በፍጹም እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። አልፈታ ያለውን ብሎን ነጭ ጋዝ አጠጥቼ አሳደርኩት፣ በማግስቱ እሺ አለ።

ለመጥረቢያው ከሐሙስ ገበያ የወይራ ዛቢያ ገዝቼ በሽብልቅ አጠበቅሁት። ውኃ ውስጥ መንከር የሚሉም አሉ፣ ግን እንጨቱ ሲደርቅ ተመልሶ ይወልቃል። የእናቴ ባለ ሦስት እግር በርጩማም እዚያው ተገኘች፣ አንድ እግሯ ተሰንጥቆ። የእኛ አገር በርጩማ ከአንድ ግንድ ስለሚፈለፈል እግር መቀየር ብሎ ነገር የለም። ስንጥቁን በእንጨት ኮላ ሞላሁ፣ ከጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኩና አንድ ቀን ተውኳት። አሁን ቡና የሚፈላው እሷ ላይ ተቀምጦ ነው።

ኤሌክትሪክ ነክ ነገር ላይ እኔ አልገባም። የተቃጠለው ምጣድ ለባለሙያ ይሄዳል።

አዲስ መግዛት ይቀላል የምትሉ ትኖራላችሁ። ባለፈው ከአንድ ሱቅ አዲስ ካቻቢቴ ገዝቼ ነበር፣ ሦስተኛው ብሎን ላይ እንደ ሰም ተጠማዘዘ። የአባቴ ግን ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፣ እስካሁን ቀጥ እንዳለ ነው።

የቀረኝ መጋዙ ነው። ዝገቱ ለቋል፣ ጥርሱ ግን ዶልዱሟል። አናጺው ጎረቤቴ ዓይናቸው ደክሞ እምቢ አሉኝ። ጅማ ውስጥ የመጋዝ ጥርስ በሞረድ የሚያወጣ ሰው የሚያውቅ አንባቢ ካለ እባካችሁ አስነግሩልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ