ወደ ካርታላ ተራራ ለምትጓዙ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

በሕንድ ውቅያኖስ ወዳለችው የደሴቶች አገር ወደ ኮሞሮስ የምናደርገውን ጉዞ ካስታወቅን ወዲህ ሁለት ጥያቄዎች ደጋግመው እየደረሱን ነው። አንዱ “እንደ ኤርታ አሌ እሳት እናያለን ወይ?” የሚል ነው። ሌላው “ውኃ ለምን ለብቻው ታስከፍሉናላችሁ?” ይላል። ለየብቻ ከመመለስ አንድ ላይ ብናስረዳችሁ ይሻላል ብለን ይህን ጽፈናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እሳት አታዩም። ካርታላ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው በጃንዋሪ 2007 ነው። እንደ ኤርታ አሌ ጎኑ የተንጣለለ እሳተ ገሞራ ቢሆንም ከፍታው 2361 ሜትር ስለሆነ አወጣጡ ይከብዳል። መንገዱ በሙዝና በእርሻ ይጀምራል፤ ከዚያ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ይመጣል። ከላይ ደግሞ የባሌና የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው የሚያውቀው የአስታ ዘመድ ይበቅላል። ጫፉ ላይ 3 በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ጥቁር ጎድጓዳ ሜዳ አለ። ለእኛ እሱን ለማየት ብቻ እንኳ መጓዝ ይገባል።

ወደ ውኃው እንምጣ። የካርታላ ምዕራባዊ ጎን በአንዳንድ ቦታ በዓመት ከ5000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ያም ሆኖ ካርታላ ያለበት ትልቁ ደሴት ንጋዚጃ አንድም ቋሚ ወንዝ የለውም። አለቱ ገና አዲስ ስለሆነ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ዝናቡ እንደ ወንፊት ያልፍበታል። ጎረቤቶቹ አንጁዋንና ሞሄሊም ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው። እነሱ ግን በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ አለታቸው ወደ አፈር ስለተለወጠ ወንዝ አላቸው።

ስለዚህ የንጋዚጃ ገጠር ሰው ከጣራው የወረደውን ዝናብ በገንዳ አጠራቅሞ ይጠጣል። በኖቬምበር 2005 ካርታላ ሲፈነዳ አመዱ እነዚህ ገንዳዎች ውስጥ ገባ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው የሚጠጣው ውኃ ተበላሸበት። ቅልጥ አለቱ ቤት ሳይነካ ሕዝቡ ተጠማ ማለት ነው። በደረቁ ወራት፣ ማለትም እኛ በምንሄድበት ጊዜ፣ ገንዳው ይጎድላል። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ስለሆነ ብትጠይቁት ያለውን ይሰጣችኋል፤ ለዚህ ነው እንድትጠይቁት የማንፈልገው። ውኃችንን ከዋና ከተማዋ ከሞሮኒ ገዝተን በተሸካሚዎች እናወጣለን። የምትከፍሉት የውኃውንና የተሸካሚዎቹን ዋጋ ነው፤ እኛ ትርፍ አንይዝበትም።

አንዳንዶቻችሁ ጫፉ ላይ ወዳለው ጉድጓድ እንድናወርዳችሁ ጠይቃችኋል። አናወርድም። በ1903 ከተራራው የወጣ ጋዝ 17 ሰው ገድሏል። ጋዝ በዓይን አይታይም፤ ከወረዱ በኋላ ደግሞ ቶሎ መውጣት አይቻልም። በ1977 ቅልጥ አለት ሲንጋኒ የተባለ መንደር ገብቶ ቤቶችን አውድሟል። ሰዎቹ ተመልሰው እዚያው ሠርተዋል። በመንገዳችን ላይ ስለሆነ ቆም ብለን እናየዋለን።

ሞሮኒ የሚገኘው የካርታላ ምልከታ ማዕከል ማስጠንቀቂያ ካወጣ ተራራውን አንወጣም። የተራራውን ክፍያ ሙሉ በሙሉ እንመልስላችኋለን፤ ቀኑን በባሕር ዳርቻው እናሳልፋለን።

ጫማችሁ ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ አለቱ ስለት አለው። ሌሊት ላይ ብርድ ስላለ ጃኬት ያዙ። የጉልበት ወይም የመተንፈስ ችግር ያለባችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ቢሮ ደውሉልን፤ ተራራውን ሳትወጡ ደሴቱን የምታዩበት ፕሮግራም አዘጋጅተናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዞ ድርጅታችሁ