ለአባላት፦ የማራገቢያዎቹን ስፋት ስለመወሰን

የተከበራችሁ አባላት፣

ለአንድ ሰው በምንሠራው በራሪ ላይ የሚገጠሙት፣ በቱቦ ውስጥ የሚሽከረከሩት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች ሞተር ከመመረጡ በፊት የአየር ማለፊያቸው ስፋት እንዲወሰን እናሳስባለን። ከነአብራሪው 150 ኪሎ ግራም የሚመዝን በራሪ አየር ላይ ባለበት ቆሞ እንዲቆይ፣ የማራገቢያዎቹ ጠቅላላ ስፋት 1 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ በባሕር ወለል ከፍታ፣ ብክነት ሳይታሰብ 25 ኪሎዋት ገደማ ይበቃዋል፤ ስፋቱ ወደ ሩብ ካሬ ሜትር ሲወርድ ግን ፍላጎቱ በእጥፍ አድጎ 51 ኪሎዋት ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ 12 በመቶ ያህል ይጨመርበታል። ትንሽና ፈጣን ማራገቢያ ለዓይን ቢያምርም ባትሪ ይጨርሳል (ጩኸቱም ለጎረቤት አይመችም)። በክንፎቹ ጫፍና በቱቦው ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት በተቻለ መጠን ይጥበብ፤ ቱቦው ግን በንዝረት ተጣምሞ ክንፎቹን እንዳይነካ ጠንክሮ መሠራት አለበት። የመጀመሪያው ሙከራ በራሪው መሬት ላይ ታስሮ፣ ሰው ሳይሳፈርበት ይካሄዳል።