ንፋስ እያለ ሣር ላይ እሳት አትለኩሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ሁለት ላሞች አሉኝ። ለእኔ ሣር ማለት ወተት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጎረቤቴ የማሳውን ዳር ላጽዳ ብሎ ደረቅ ሣር ላይ እሳት ለኮሰ። አልፈርድበትም፤ አባቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ንፋሱን ግን ልብ አላለውም። አንዴ ሽው ሲል እሳቱ የእግር መንገዱን ዘለለና ዳገቱን ሽቅብ ሮጠ። ዳገት ላይ እሳት ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣር አስቀድሞ ያደርቀዋል። እኛም እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘን ስንደበድብ አመሸን። ቅንድቤ ተለብልቦ ልጄ እስካሁን ይስቅብኛል። የሣር ክምሬ ለጥቂት ተረፈ።

ባሕር ዛፉ ጋ ቢደርስስ ኖሮ? ቅጠሉ ዘይት አለው። ከሥሩ የረገፈው ልጣጭ ደግሞ እየነደደ በንፋስ ይበራል።

ጎረቤቴ «ጠዋት እኮ ጤዛ ነበር» አለኝ። የመጋቢት ፀሐይና ንፋስ ካገኘው ግን ቀጭን ሣር በሰዓታት ውስጥ ክው ይላል።

እባካችሁ፣ የበልጉ ዝናብ እስኪጥል ሣር አታቃጥሉ። ከሰል የምታከስሉም ውኃ ሳታፈሱበት ትታችሁ አትሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ ያላችሁ ጭስ ስታዩ 939 ደውሉ። እኔ ክምሬን ከአጥሩ አርቄዋለሁ፤ ጎረቤቴም በማጭድ ማጨድ ጀምሯል።

አንድ አንባቢያችሁ