እማዬ፣ በዚያ ክኒን ነገር ልክ ነበርሽ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የስቶክሆልም ብርድ ገና ካሁኑ ጀምሯል። ይህን በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ አንቺም «በቃ ደህና ሁን፣ ገንዘብህን አትጨርስ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ እህቴ ታንብብልሽ።

ነሐሴ ላይ ደጃፉ አንሸራቶሽ ክንድሽ የተሰበረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ለሕመሙ ትራማዶል ሰጡሽ። ሁለተኛውን ፍሬ እንደዋጥሽ አስመለሰሽ፣ ላብ በላብ ሆንሽ፣ በማግስቱ እስከ ቀትር ሊቀሰቅሱሽ ተቸገሩ። ስትነቂ የተረፈውን ከነወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ጨመርሽው። እኔ ደግሞ በስልክ ተቆጣሁሽ፦ «ዓለም ሁሉ የሚወስደው መድኃኒት ለአንቺ ብቻ የማይስማማሽ ለምንድን ነው?» አልኩ። እዚህ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ለሰው እናት መድኃኒት ሳድል ሦስቴ አረጋግጣለሁ፤ ለራሴ እናት ግን አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም። ይቅር በይኝ።

ያወቅሁት በራሴ ላይ ሲደርስ ነው። ጥር ላይ ልቤ ያለቅጥ ይመታ ጀመር። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ፤ አሁን ደህና ነኝ። ሐኪሟ ሜቶፕሮሎል የሚባል የልብ ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት አዘዘችልኝ። ምንም። መጠኑን እጥፍ አደረገችው፤ አሁንም ያው። መጀመሪያ «በሰዓቱ እየወሰድክ ነው?» ብላ ጠረጠረችኝ። አንቺን የተናገርኩሽ ያን ጊዜ ቆጨኝ። በኋላ የትውልድ አገሬን ጠይቃ ደም አስመረመረችኝ፤ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የሚባለው ጂን አብዛኛው ሰው ሁለት ቅጂ ሲኖረው እኔ ሦስት ተገኘብኝ።

በቡና ላስረዳሽ። ትራማዶልን እንደ ጥሬ ቡና አስቢው። ጥሬውም ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ ዋናው ኃይሉ የሚወጣው ግን ጉበት ውስጥ ሲቆላ ነው፤ የሚቆላበት ምጣድ ደግሞ ይህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ምጣድ ይወርሳል። አንዳንዱ የወረሰው ሁሉ የተሰነጠቀ ስለሚሆን ቡናው ጥሬውን ይቀርበታል፤ «አላሻለኝም» ሲል ደግሞ አስመሳይ ይባላል። ሦስትና አራት ምጣድ የጣደ ሰው ግን ሌላው ቀስ እያለ የሚያገኘው ኃይል በአንዴ ይወርድበታል። ኮዴይን የሚባለው ማስታገሻም እንዲሁ ነው፤ ጉበት ውስጥ ሞርፊን ወደሚባለው ብርቱ ማስታገሻ ይለወጣል። ለልቤ በታዘዘልኝ መድኃኒት ላይ ግን ምሳሌዬ አይሠራም፤ እሱ ተቆልቶ ያለቀ ነው፤ ያው ኢንዛይም፣ መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ጠራርጎ ያስወጣዋል። አንድ ውርስ እኔን መድኃኒት ያሳጣል፣ ሌላውን በመድኃኒት ያሰክራል።

የገረመኝ ነገር ይህን በእኛ ሰዎች ላይ ያጠናችው የአገራችን ልጅ መሆኗ ነው። እሌኒ አክሊሉ ትባላለች፤ እዚሁ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ነች። እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት 122 ኢትዮጵያውያን ተመርምረው 29 በመቶው እንደ እኔ ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። ስዊድናውያን ዘንድ ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። በኋላ ደግሞ ተመሳሳይ ጂን ያላቸው ኢትዮጵያውያን ሲነጻጸሩ፣ አገር ቤት ባሉት ላይ ኢንዛይሙ እዚህ ካሉት ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚሠራ አሳዩ። ምግቡም አካባቢውም እጁ ሳይኖርበት አይቀርም፤ ጂን ብቻውን ሁሉን አይወስንም ማለት ነው።

እህት ዓለም፣ ይህቺን ጮክ ብለሽ አንብቢያት፣ አንቺንም ትመለከታለች። ሕፃኑን እያጠባሽ ስለሆነ ጥርስሽንም ቢያምሽ ኮዴይንም ሆነ ትራማዶል እንዳትወስጂ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሏል፣ ትራማዶልንም ለሕመም ማስታገሻ እንዳይሰጣቸው አግዷል፤ የሚያጠቡ እናቶችም ሁለቱንም እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። እናቲቱ ምጣድ ካበዛች የመድኃኒቱ ኃይል በጡቷ ወተት ወደ ልጁ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ እማዬ። ጥቅምት ላይ ለሐሞት ጠጠሩ ቀዶ ሕክምና ትገቢያለሽ፤ ከዚያ በኋላ ማስታገሻ መሰጠቱ አይቀርም። ትርፏ ምጣድ ከአንቺ ትምጣ ከአባቴ ነፍሱን ይማረውና አላውቅም፤ ያቺን ቀን ሳስብ ግን ወደ አንቺ አደላለሁ። ስለዚህ ሰመመን የሚሰጥሽንም ቀዶ የሚያደርግልሽንም ሐኪም አስቀድመሽ «ትራማዶል ወስጄ እንዲህ ሆኛለሁ፣ ልጄም ተመርምሮ ይህ ተገኝቶበታል» በያቸው። አትፈሪ፣ ሐኪም ማስተማር አይሆንብሽም። ፓራሲታሞል አለ፤ ሲከፋም ሞርፊን ራሱ በልኩ ይሰጣል፣ በዚህ ምጣድ አያልፍም። ነገሩን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ፣ የእኔንም ውጤት ጨምሬ፣ ቅዳሜ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ። ከመታወቂያሽ ጋር አድርገሽ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪው።

ደግሞ አውቅሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ይዘሽ «ልጄ መድኃኒት አይስማማሽም አለኝ» ብለሽ የግፊትሽን አምሎዲፒን እንዳታቆሚ። እሱ በሌላ መንገድ ነው የሚያልፈው፣ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ቡና ላይ ከጎረቤቶችሽ ጋር ክኒን መበዳደሩንም ተዪው። ለእነሱ ፍቱን የሆነው አንቺን ምን እንዳደረገሽ አይተሻል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አያቴ ሆስፒታል ገብታ መርፌ ከወጉዋት በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ተኛች፣ «ሞታለች ብለን አልቅሰን ነበር» ትይ አልነበር? ምን ሕመም ነበር? የመርፌው ስም የተጻፈበት ካርድ ሳጥኑ ውስጥ ይኖር እንደሆነ እስቲ ፈልጊልኝ፤ ካገኘሽው እህቴ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ።

ናፋቂሽ ልጅሽ