ከቄቦቹ በፊት ቆርቆሮው

ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ብሩ እንደደረሰሽና አራት ቄብ ልትገዢበት እንደሆነ ማሙሽ ነገረኝ። ቆይ እንጂ እታለም! ክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ብሩ መጀመሪያ ለቆርቆሮና ለሳንቃ ይዋል። ዶሮ የአዲስ አበባን ብርድ ትችለዋለች፤ የሚገድላት እርጥበት ነው።

ለአራት ዶሮ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃል። ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ሐምሌ ላይ ከአራት ኪሎ የሚወርደው ጎርፍ ግቢውን እንዴት እንደሚያደርገው ታውቂያለሽ። ቆርቆሮው ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይውጣ፤ ውሃውን ወደ ጎረቤት እንዳያፈስ ብቻ፣ ጠብ ነው። የግድግዳው የላይኛው ሲሶ በወንፊት ሽቦ ብቻ ይሸፈን። ይበርዳቸዋል ብላችሁ ዙሪያውን በላስቲክ እንዳትጠቀልሉት። የኩሱ ትነት መውጫ ሲያጣ ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ያቃጥላል። ቆጡ ላይ ለእያንዳንዷ 25 ሴንቲ ሜትር ተዪላት። በሩ ደግሞ ማታ ማታ ይቀርቀር፤ ከተማ መሀል ሸለምጥማጥ የለም የሚል ሰው ዶሮ አርብቶ አያውቅም።

ለጉዝጓዝ ከአናጢ ቤት ሰጋቱራ አስመጪ፤ ደቃቁን ሳይሆን ከመላጊያ የሚወጣውን ጥቅልሉን። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ባይሞላም ግማሹን ይለፍ። በየሳምንቱ አንድ እፍኝ ዘግነሽ ጨብጪው፤ እጅሽን ስትከፍቺ እንደ ጭብጦ ተያይዞ ከቀረ ረጥቧልና ቀይሪው። ኮክሲዲዮሲስ የሚሉት የአንጀት በሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካየሽ ወይም አንዷ ላባዋን ነፍታ ጥግ ከያዘች የዚያኑ ቀን ለብቻ አድርጊያትና ሐኪም ጥሪ።

ፈንግል ግን መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ስትገዢ መቼ እንደተከተቡ ጠይቂ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ ይደገም። ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ለአራት ብቻ መክፈት ብክነት ነው፤ ዶሮ ያላቸውን ጎረቤቶች አስተባብሪ። ከበረዶ ጋር በፔርሙዝ ይምጣ። በውሃ የሚሰጠው ዓይነት ከሆነ ከቧንቧ ቀድተሽ እንዳትበጠብጪው፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን፣ ዕቃው ሳሙና ያልነካው ፕላስቲክ። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለሽ ስትሰጫቸው ተሻምተው ይጨርሱታል።

መኖው ለአራቱ በቀን ግማሽ ኪሎ ግድም ነው። እስኪጥሉ ድረስ የቄብ መኖ፤ የጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ቀድሞ ከተሰጠ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። መጣል ሲጀምሩ የእንቁላል ቅርፊት ምጣድ ላይ አምሰሽ፣ በሙቀጫ አድቅቀሽ በሌላ ዕቃ አስቀምጪላቸው። ሳይደቅ ከሰጠሽ የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ ፈጽሞ አይቅረባቸው።

አትክልቱን በማዳበሪያ ጆንያ አድርጊው፤ ሦስት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ብስባሽ። ትኩስ የዶሮ ኩስ ሥር ያቃጥላል፤ ከጭድ ጋር ቢያንስ ሦስት ወር ይብላላ። ጆንያውን ከታች ብሺው። ለክረምቱ ጎመንና ቆስጣ፤ ቲማቲም ቅጠሉ በዝናብ እየጠቆረ ይበሰብሳልና ከመስቀል በኋላ ይሁን። ጤና አዳምና የስጋ መጥበሻ ውሃ የተኛበት ሥር አይወዱም፤ አሸዋ የበዛበት ጣሳ ላይ ከጣሪያ ጥላ ሥር ይቀመጡ። ጎመኑን ክሽክሽ ከያዘው በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ማታ የቅጠሉን ሆድ ርጪው። ዶሮዎቹን ከችግኝ አርቂ፤ ለመጫር አምስት ደቂቃ ይበቃቸዋል።

አሁን የሦስት ወር ቄብ ብትገዢ መጣል የሚጀምሩት ፍልሰታ ላይ ነው። እነሱ እንግዲህ ጾም አያውቁም። እንቁላሉን ሳታጥቢ፣ ሹሉን ወደ ታች አድርገሽ ቀዝቃዛ ቦታ ደርድሪው፤ እስከ ፍቺው ይቆያል። የመጀመሪያውን ለእማዬ ጥበሺላት፤ ጉልበቷንም ሳሚልኝ።

ወንድምሽ